ፍትሐዊ ያልሆነ የቡድን ክፍያ ሠራተኛው ላይ ምን ስሜት ያሳድራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ደሞዝ በግልጽ ማውራት ብዙ ሰው ይከብደዋል። ስለ ቡድን ቦነስ ማውራት ደግሞ ይብሳል፤ የሚወራበት ሰው አጠገባችሁ ነዋ የተቀመጠው። ከዚህ በታች ያሉት ሠራተኞችም አለቆችም ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንዱ በሁለት መስመር ያልቃል፣ አንዳንዱ ብዙ ያስወራል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የቡድን ክፍያ» ስንል ስለ ምን እያወራን ነው?

ስለ ሁለት ነገር። አንደኛው አንድ ቡድን አብሮ ሠርቶ የሚያገኘው ቦነስ፣ ኮሚሽን ወይም የትርፍ ድርሻ ነው። ገንዘቡ የሚመጣው በቡድኑ ስም ነው። ከዚያ ወይ እኩል ይካፈላል፣ ወይ በሆነ ቀመር ይከፋፈላል።

ሁለተኛው አንድ ሙሉ የሠራተኛ ክፍል የሚከፈለው ነው። የሌሊት ፈረቃው፣ ኮንትራት ሠራተኞቹ፣ የጽዳት ክፍሉ፣ ሴቶቹ። እዚህ ላይ ቅሬታው «እኔ ተበደልኩ» መሆኑ ይቀርና «እኛ ተበደልን» ይሆናል።

ሁለቱ የሚቀሰቅሱት ስሜት አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ሰው ወደ ጎን ነው የሚያየው፣ በሁለተኛው ወደ ላይ። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

ልዩነቱ ትንሽ ገንዘብ ሆኖ ሳለ ሰው ለምን ያን ያህል ይበሳጫል?

ገንዘቡን ብቻ ስለማይቆጥር ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጄ. ስቴሲ አዳምስ በ1963 ባወጣው ጽሑፍ ነገሩን ቀለል አድርጎ አስቀምጦታል። ሰው ያገኘውን ከለፋው ጋር ያስተያያል። ከዚያ ዞር ብሎ የሌላውን ያያል፤ እሱስ ስንት ለፍቶ ስንት አገኘ? ሁለቱ ካልተመጣጠኑ ውስጡ ይረበሻል። ኪሱ የገባው ገንዘብ ብዙ ቢሆን እንኳ ይረበሻል።

ከማን ጋር ነው የሚወዳደረው? አብዛኛውን ጊዜ ከቅርብ ሰው ጋር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በአሜሪካ ጦር ውስጥ የተደረገና በ1949 የታተመ ትልቅ ጥናት አንድ የሚገርም ነገር አሳይቷል። በአየር ኃይሉ ማዕረግ በቶሎ ይገኝ ነበር፣ በወታደራዊ ፖሊሱ ደግሞ በጣም ዘገምተኛ ነበር። በማዕረግ አሰጣጡ ይበልጥ ያማርሩ የነበሩት ግን የአየር ኃይሎቹ ናቸው። ጓደኛው ትናንት ሲሾም ያየ ሰው «እኔስ?» ይላል። አጠገቡ ማንም ሲሾም ያላየው ግን ይህን ጥያቄ አያነሳም።

ስለዚህ የቦነሱ ልዩነት የአንድ ሳምንት ወጪ እንኳ ባይሸፍን ያበሳጫል። ቁጥሩ ለሠራተኛው «አንተን የምናይህ እንዲህ ነው» ይለዋል። በ2003 የታተመ የአንጎል ምርመራ ጥናት ደግሞ ሰዎች ፍትሐዊ ያልሆነ ድርሻ ሲቀርብላቸው ኢንሱላ የተባለው የአንጎል ክፍል ሥራው እንደሚጨምር አሳይቷል። ይህ ክፍል ከመጸየፍ ስሜት ጋርም የተያያዘ ነው። «ነገሩ አስጠላኝ» የሚል ሠራተኛ እያጋነነ ላይሆን ይችላል።

መጀመሪያ የሚመጣው ስሜት ንዴት ነው?

ብዙውን ጊዜ አይደለም። እስቲ በቅርበት እንየው።

አምስት ሰው ያለበት ቡድን ነው። ርክክቡ አርብ ነው። ሁለቱ እያደሩ ሠርተዋል። ሁለቱ የድርሻቸውን ጨርሰው በሰዓታቸው ወጥተዋል። አንዱ ደግሞ «ኔትወርክ አስቸገረኝ» ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ስልኩን አጥፍቷል። ከወር በኋላ የቦነስ ኢሜይል ይመጣል። ለእያንዳንዱ 20 በመቶ። ሁለት መስመር ጽሑፍ፣ መጨረሻው ላይ «እንኳን ደስ አላችሁ»።

ስታድር የሰነበተችው ልጅ መጀመሪያ ግራ ይገባታል። ኢሜይሉን ደግማ ታነበዋለች። የሆነ አባሪ ፋይል ያመለጣት ይመስል ወደ ታች ትወርዳለች። ምንም የለም። በዚህ መሀል ስልኩን አጥፍቶ የነበረው ልጅ በቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የጭብጨባ ኢሞጂ ይልካል። ንዴቱ የሚመጣው ይሄኔ ነው።

ማታ ደግሞ ንዴቱ መልኩን ይቀይራል። ሆድ ይብሳታል። «ማን አድሪ አለኝ?» ትላለች። ቁጭቱ ከሰውየው ይነሳና ወደ ራሷ ይዞራል፤ ሞኝ የሆነች ይመስላታል። በሚቀጥለው ፕሮጀክት ላይ እልህ ይመጣል፣ «እስቲ ያለ እኔ ይሥሩት!»። እልሁም ሲያልፍ ግዴለሽነት ይተካል።

አለቆች የሚያስተውሉት አብዛኛውን ጊዜ ንዴቱን ነው፤ ድምፅ አለዋ። እኔን የሚያስፈራኝ መጨረሻ ላይ ያለው ግዴለሽነት ነው። የተናደደ ሠራተኛ ነገሩ ይስተካከላል ብሎ ገና ተስፋ አለው። «ኧረ ተዉኝ» ያለው ግን ልቡ ወጥቷል፤ የሚመጣው አካሉ ብቻ ነው።

ቀመሩን ያወጣው አለቃ ሆኖ ሳለ ለምን ባልደረባዬ ላይ ነው የምናደደው?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የከበደው ይሄ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ቀመር ፊት የለውም። ባልደረባዎ ግን አለው። በየቀኑ ያዩታል፣ ሲያረፍድ ያዩታል፣ ስልኩ ላይ ሲያፈጥ ያዩታል። ቀመሩን ያወጣው ሰው ሌላ ፎቅ ላይ ነው፣ ምናልባትም ስሙን አያውቁትም። ንዴት ደግሞ የሚያርፍበት ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ቅርብ ያለው ላይ ያርፋል።

ባልደረባዎ ምንም አላጠፋም ማለቴ አይደለም። ሰው በቡድን ሲሠራ ጉልበቱን ቀነስ ማድረጉ የቆየ ነገር ነው። ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ማክስ ሪንግልማን ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ ነበር። በ1913 ባሳተመው ጽሑፉ እንዳሳየው የጎታቹ ቁጥር በጨመረ ልክ እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት ይቀንሳል። በ1979 ደግሞ ቢብ ላታኔና ባልደረቦቹ ሰዎችን በቡድን አስጩኸውና አስጨብጭበው ተመሳሳይ ነገር አገኙ።

እኩል የሚካፈል ቦነስ ይህንን ዝንባሌ ያባብሰዋል። ሂሳቡን ይዩት። አሥር ሆናችሁ እኩል ትካፈላላችሁ እንበል። እርስዎ ሲያድሩ የቡድኑ ቦነስ በ100 ጨመረ። እርስዎ ጋ የሚደርሰው 10 ነው። ድካሙ ግን መቶ በመቶ የእርስዎ ነው። አጠገብዎ ያለው ሰው ተኝቶ አድሮ ያንኑ 10 ይወስዳል። ሥራው ሲጀመር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ነበር። ክፍያው ሲመጣ ግን ማን ፈተለ፣ ማን ተኛ የሚል ክርክር ይነሳል።

ይህ በእውን ፋብሪካ ውስጥ ታይቷል። ሌቪ ስትራውስ የተባለው የጂንስ ሱሪ አምራች በ1992 በአሜሪካ ፋብሪካዎቹ በቁራጭ መክፈሉን እየተወ ወደ ቡድን ክፍያ ዞረ። ቀድሞ ሰፊዋ በሠራችው ልክ ነበር የሚከፈላት። አሁን ግን ክፍያው በቡድኑ ምርት ላይ ተመሠረተ። ፈጣኖቹ ገቢያቸው ቀነሰ፣ የዘገምተኞቹ ጨመረ። ከዚያ የመጣው ስድብ፣ ዛቻና ኩርፊያ በጋዜጣ ሳይቀር ተዘግቧል። የታመመች ወይም እጇ የተጎዳ ባልደረባ ሳትቀር «ገቢያችንን ቀነሰችብን» ተብላ ትታይ ጀመር። ስርዓቱን የቀየረው አስተዳደሩ ነው፤ የተሰደቡት ግን ሰፊዎቹ እርስ በርሳቸው ነው።

ታዲያ የቡድን ክፍያ ሁልጊዜ እንዲህ ያባላል? አያባላም። ኮሬት የሚባል በካሊፎርኒያ የሚገኝ የልብስ ፋብሪካ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተመሳሳይ ለውጥ አድርጓል። በ2003 የታተመው ጥናት እንደሚለው ምርታማነት በአማካይ 14 በመቶ ጨመረ። የሚገርመው መጀመሪያ ወደ ቡድን የገቡት ጎበዞቹ ሠራተኞች መሆናቸው ነው፤ ብዙዎቹ ገቢያቸው ቀንሶባቸውም ገብተዋል። ልብ ይበሉ፣ መጀመሪያ ላይ መግባቱ በፈቃደኝነት ነበር።

ሁለቱ ፋብሪካዎች በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ ሁሉንም በአንድ ምክንያት አልደመድምም። እኔ ግን ይቺ «በፈቃደኝነት» የምትለው ነገር ብዙ ትመዝናለች ባይ ነኝ። ወድዶ የገባ ሰው ዘገምተኛውን ያስተምረዋል። ተገድዶ የገባ ሰው ዘገምተኛውን ይጠላዋል።

ይሄ እኮ ቅናት ነው። አይደለም እንዴ?

አንዳንዴ ነው። መለያው ቀላል ነው። ባልደረባዎ የበለጠ ያገኘበትን ምክንያት በደንብ አውቀው፣ ተገቢ መሆኑንም አምነው፣ አሁንም ካንገበገበዎት ቅናት ነው። ምክንያቱን ሲያውቁ የሚበርድልዎት ከሆነ ግን ጉዳዩ የፍትሕ ጥያቄ ነበር። አለቆች «ቀናተኛ» የምትለዋን ቃል ቶሎ ባያነሷት ጥሩ ነው። ቅሬታ የማይሰማበት ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የምትሰማ ቃል ናት።

የተከፋ ሠራተኛ ምን ያደርጋል?

ይለግማል። ግን ልግመት ሁሌ ቁጭ ብሎ መዋል አይደለም። አብዛኛው ሰው የተመደበለትን መሥራቱን አይተውም። የሚተወው ሥራ ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈውን ነው። አዲስ የገባውን ልጅ ማሳየት ይተዋል። የሌላ ሰው ፋይል ላይ ስህተት ሲያይ አልፎት ይሄዳል። ስብሰባ ላይ ሐሳብ አይሰጥም። «የኔ ሥራ አይደለም» የሚለው አነጋገር ይበዛል። በሪፖርት ላይ ይሄ ሁሉ አይታይም፤ ሥራው ግን ይጎተታል።

ከዚህ ያለፈም አለ። መቅረት፣ ማርፈድ፣ ሲቪ መበተን። አንዳንዱ ደግሞ «ካልሰጡኝ እወስዳለሁ» ብሎ ንብረት እስከ መውሰድ ይደርሳል፤ እሱን ወደ ታች እናየዋለን።

ከሚገባው በላይ የሚወስደውስ ምን ይሰማዋል?

ትንሽ ያፍራል፣ ከዚያ ይረሳዋል።

አዳምስ ይህንንም አይቶታል። በ1962 ከአንድ ባልደረባው ጋር ባሳተመው ሙከራ አንዳንድ ሠራተኞች «ብቃታችሁ ለዚህ ክፍያ አይመጥንም፣ ግን እንከፍላችኋለን» ተባሉ። እነዚህ በሰዓት የሚከፈላቸው ሰዎች ከሌሎቹ በልጠው ሠሩ። ያልተገባ ገንዘብ ስለከበዳቸው በሥራ ሊያካክሱት ሞከሩ ማለት ነው።

ነገር ግን ሰው ኅሊናውን የሚያባብልበት ሌላ መንገድም አለው። የራሱን ሥራ በሐሳቡ ከፍ ያደርገዋል። ስልኩን አጥፍቶ የነበረው ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ «መነሻ ሐሳቡ እኮ የኔ ነበር» ይላል። እየዋሸ አይደለም፤ አምኖበታል። ቡድኑ ውስጥ ጠብ የሚጦፈውም ለዚህ ነው። አንደኛዋ ተበደልኩ ትላለች፣ እሱ ደግሞ የሚገባኝን ነው የወሰድኩት ይላል፣ ሁለቱም ከልባቸው ነው።

ባልደረባዬ ከኔ በላይ ካገኘ ሁልጊዜ መከፋቴ አይቀርም?

ይቀራል፣ ምክንያቱ ፊት ለፊት ከታየ።

በዚህ ላይ የምወደው ጥናት በሕንድ ኦዲሻ ግዛት የተደረገውና በ2018 የታተመው ነው። 378 ሠራተኞች በትንንሽ ቡድን ተመድበው ለአንድ ወር ያህል የፋብሪካ ሥራ ሠሩ። በአንዳንዱ ቡድን ሁሉም እኩል ተከፈላቸው፣ በሌላው ይበላለጥ ነበር። ያው ራሱ ገንዘብ የሚከፈለው ሠራተኛ፣ የቡድን ጓደኞቹ ከሱ የበለጠ እንደሚያገኙ ሲያውቅ ምርቱ ወረደ። ከሥራ መቅረቱም ጨመረ፤ በሥራ ገበታ መገኘቱ በ18 መቶኛ ነጥብ ቀነሰ። ያስቡት፣ የቀረበትን ቀን ክፍያ ያጣል። ገንዘብ እያጣ ቀረ።

ዋናው ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የሥራው ዓይነት ማን ምን ያህል እንደሠራ በዓይን የሚያሳይ ሲሆን፣ የክፍያው መበላለጥ የሚታይ ጉዳት አላመጣም። የተቆለለው ምርት አጠገባቸው ስላለ «እሱ በልጦኝ ነው» ማለት ቻሉ።

ታዲያ ክፍያውን ምስጢር ማድረግ አይሻልም?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ፤ ሰው ካልተነገረው ይገምታል፣ ግምቱም ብዙ ጊዜ ልክ አይሆንም። ኤድዋርድ ሎውለር የተባለው ተመራማሪ በ1960ዎቹ ሥራ አስኪያጆችን ስለ ሌሎች ደሞዝ ጠይቆ ነበር። ከበታቻቸው ያለው የሚያገኘውን አብዝተው፣ ከበላያቸው ያለው የሚያገኘውን አሳንሰው ገመቱ።

በሌላ በኩል ዝም ብሎ ቁጥሩን ማውጣትም መድኃኒት አይደለም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ላይ ተደርጎ በ2012 የታተመ ጥናት አለ። የሁሉም ደሞዝ የሚታይበት ድረ ገጽ መኖሩ ለተወሰኑት ተነገራቸው። ገብተው ካዩት ውስጥ ከመካከለኛው ክፍያ በታች የሆኑት እርካታቸው ቀነሰ፣ ሌላ ሥራ የመፈለግ ሐሳባቸውም ጨመረ። ከመካከለኛው በላይ የሆኑት ግን ከበፊቱ የተለየ ደስታ አልተሰማቸውም። ማለትም ልዩነቱ ይፋ ሲወጣ የሚከፋው አለ፣ የሚደሰት ግን የለም።

ቁጥሩ ከነምክንያቱ ቢወጣ ነው የሚሻለው። ምክንያት የሌለው ቁጥር ከሆነ ግን መጀመሪያ ምክንያቱን መሥራት ይቀድማል።

መላው ክፍላችን ሲበደልስ? ስሜቱ ይለያል?

በጣም። ብቻውን የተበደለ ሰው ያኮርፋል፣ ይጨነቃል፣ ይለቃል። አብሮ የተበደለ ግን ይሰባሰባል። እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ደብሊው. ጂ. ራንሲማን በ1966 ይህንን ልዩነት አስቀምጦታል፤ በግል የመጉደል ስሜትና በቡድን የመጉደል ስሜት ብሎ። የመጀመሪያው ከጭንቀትና ሥራ ከመልቀቅ ጋር፣ ሁለተኛው ከጋራ ትግል ጋር እንደሚያያዝ ከሱ በኋላ የመጡ ጥናቶች አሳይተዋል።

የዳገንሃም ሴቶች ታሪክ እዚህ ጋ ይመጣል። በ1968 በእንግሊዝ በፎርድ ፋብሪካ የመኪና መቀመጫ ሽፋን የሚሰፉ 187 ሴቶች ሥራ አቆሙ። ፋብሪካው አዲስ የሥራ ምደባ አውጥቶ ስፌቱን ዝቅተኛ ሙያ የሚጠይቅ ብሎ መድቦት ነበር። ሴቶቹ ደግሞ ለመቀጠር የስፌት ፈተና ማለፍ ነበረባቸው! በዚያ ላይ እዚያው ደረጃ ላይ ካሉ ወንዶች ያነሰ ነበር የሚከፈላቸው። መቀመጫ ከሌለ መኪና የለም፤ ምርቱ ቆመ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የወንዶቹን ክፍያ 92 በመቶ እንዲያገኙ ተስማምተው ተመለሱ። በ1970 የእንግሊዝ የእኩል ክፍያ ሕግ ወጣ፤ ያ አድማ ለሕጉ መንገድ እንደጠረገ ይነገራል። ሁሉም ጥሩ መጨረሻ ነው ይላል። ሴቶቹ ግን ዋናው ጥያቄያቸው ሙያቸው እንደ ሙያ እንዲቆጠር ነበር። ያንን ያገኙት በ1984 ነው፣ እንደገና አድማ መትተው። ገንዘቡ አብዛኛው ከተስተካከለ በኋላ 16 ዓመት ያስጠበቃቸውን ነገር ሳስብ፣ ክፍያ ላይ የሚነሳ ቅሬታ ምን ያህሉ የክብር ጥያቄ እንደሆነ ይታየኛል።

ማብራሪያ መስጠት ብቻውን ንዴት ያበርዳል?

ከሚጠበቀው በላይ። ጄራልድ ግሪንበርግ በ1990 ያሳተመው ጥናት ይህን ያሳያል። አንድ ኩባንያ ትልቅ ውል አጥቶ በሁለት ፋብሪካዎቹ ለአሥር ሳምንት የሁሉንም ክፍያ በ15 በመቶ ቀነሰ። በአንደኛው ፋብሪካ ኃላፊው ሠራተኛውን ሰብስቦ ለምን እንደሆነ በዝርዝር አስረዳ፣ ጥያቄ ተቀበለ፣ ማዘኑንም ገለጸ። በሁለተኛው አጭር ስብሰባ ተጠርቶ መቀነሱ ብቻ ተነገረ።

ከዚያ ስርቆት ተቆጠረ። በሁለቱም ጨመረ፤ ምንም በደንብ ባልተነገራቸው ፋብሪካ ግን የጨመረው በጣም በዝቶ ነው። ክፍያው ሲመለስ ስርቆቱም ወደ ቀድሞው ወረደ። የተቀነሰው ገንዘብ በሁለቱም ቦታ እኩል 15 በመቶ መሆኑን አይርሱ።

ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ማብራሪያው እውነት መሆን አለበት። «በጀት የለም» ተብሎ በሳምንቱ አዲስ መኪና ለአስተዳደሩ ከተገዛ፣ ዝም መባሉ ይሻል ነበር።

እኩል ማካፈል ይሻላል ወይስ እንደየሥራው?

ሥራውን ይዩት። የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ተለይቶ የሚታይ ከሆነ እንደየሥራው ይሁን። ካልታየና ሥራው እርስ በርስ የተጠላለፈ ከሆነ፣ እኩል ማካፈል ብዙ ጠብ ያስቀራል፤ ያልተለካ ነገር ለክቶ ማበላለጥ አድልዎ ይመስላል። ሞርተን ዶይች በ1975 እንዳስቀመጠው ምርት ዋና ግብ ሲሆን እንደ አስተዋጽኦ መክፈል፣ መልካም ግንኙነት ዋና ግብ ሲሆን እኩል ማካፈል ይበረታል።

እኔ የማየው ጥሩ መንገድ መሐል ላይ ያለው ነው። አብዛኛውን እኩል፣ የተወሰነውን ደግሞ ቀድሞ በተነገረ መስፈርት። «ቀድሞ» የምትለዋን አስምሩባት። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚወጣ መስፈርት ለሆነ ሰው ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

ነገሩ ጤናም ይነካል?

ይነካል። ዮሐንስ ዚግሪስት የተባለው ተመራማሪ በ1996 ባቀረበው ሞዴል ብዙ ለፍቶ ጥቂት ማግኘት የሚፈጥረውን ውጥረት ከልብ ሕመም ጋር አያይዞታል። ምንዳ ሲል ገንዘብ ብቻ ሳይሆን አድናቆትንና የሥራ ዋስትናንም ይጨምራል። እንቅልፍ ካጡ፣ እሁድ ማታ ሆድዎ ከተረበሸ፣ አቅልለው አይዩት።

አለቃ ነኝ። ቡድኔ ቦነሱ ከወጣ ጀምሮ አኩርፏል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ «ቡድን መንፈስ» የሚል ስልጠና አይጥሩ። ችግሩ መዋደድ አለመቻላቸው አይደለም።

ቀመሩን እርስዎ ይውሰዱት። ቡድኑ ፊት ቆመው «ይህንን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ያሰብኩት እንዲህ ብዬ ነው፣ ያላየሁት ነገር ካለ ንገሩኝ» ይበሉ። ይህ አነጋገር ባልደረቦች ላይ ያረፈውን ንዴት ያነሳዋል። እርስዎ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ይረፍ። ደሞዝዎ አንዱ ለሱ ነው።

ቀጥሎ አንድ በአንድ ያነጋግሩ። በጋራ ስብሰባ ላይ ማንም «እገሌ አልሠራም» አይልም። ከዚያ ቢያንስ የሚቀጥለው ቦነስ እንዴት እንደሚሰላ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ያውጡ፣ ቅሬታ የሚታይበት መንገድም ይኑረው። ጄራልድ ሌቨንታል በ1980 ፍትሐዊ አሠራር ሊያሟላቸው ይገባል ካላቸው መስፈርቶች መካከል ውሳኔው ሊታረም የሚችል መሆኑ አንዱ ነው። ብዙ ቦታ የጎደለው ይሄ ነው፤ ቦነሱ አንዴ ከወጣ «አለቀ፣ ደቀቀ» ይባላል።

ቅሬታዬን እንዴት ላቅርብ?

በተናደዱበት ቀን አይሂዱ። ኢሜይሉን ይጻፉት፣ ግን አይላኩት፤ በማግስቱ ያንብቡት።

ሲገቡ ስለ ባልደረባዎ አይጀምሩ። «እሱ ምንም ሳይሠራ እኩል ወሰደ» ካሉ ወሬው ስለ እሱ ይሆናል፣ እርስዎም ነገር ጎታች ይመስላሉ። ስለ ቀመሩ ይጠይቁ። «ድርሻው የተሰላው በምንድነው? እኔ የሠራኋቸው እነዚህ ነገሮች ተቆጥረዋል?» ይበሉ። የሠሩትን በቀንና በሥራ ዓይነት ጽፈው ይሂዱ። የሚፈልጉትንም ቀድመው ይወቁ። የዘንድሮው እንዲታረም ነው? የሚቀጥለው እንዲቀየር ነው? ወይስ ሥራዎን እንዳዩልዎ እንዲነግሩዎት? ሦስተኛውን መፈለግ ነውር የለውም፤ ብዙ ሰው ውስጥ ውስጡን የሚፈልገው እሱን ነው።

ቡድኑ ውስጥ ሌሎችም እንዲሁ ከተሰማቸው አብራችሁ መግባቱ ይሻላል። ሠራተኛ ማኅበር ካለ እሱም የሚኖረው ለዚህ ነው።

ጠይቄ መልስ ካላገኘሁስ?

ቀን ይቁረጡለት። «እስከ ሩብ ዓመቱ መጨረሻ» ብለው ለራስዎ ይያዙ። እስከዚያ ሥራዎን በልኩ ይሥሩ፤ ማደሩን ግን ይተዉት፣ ማንም አላዘዘዎትም። ቀኑ ሲደርስ ቀመሩ ያው ከሆነ ሲቪዎን ያድሱ። ሌላ ቦታ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲቀርቡም ስለ ደሞዙ መጠን ብቻ ጠይቀው አይውጡ። ቦነስ በምን እንደሚሰላ፣ ማን እንደሚወስነው፣ ቅሬታ ለማን እንደሚቀርብ ይጠይቁ።